በፓወር ኤሌክትሮኒክስ ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል ላይ ዕድሜን ማሳለፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎችና ከወጣት መምህራን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መስኩ ምንድን ነው? ሰው በዚህ ላይ ዕድሜውን እንዴት ያሳልፋል? እንጀራስ ይሆናል? በደረቁ ከምመልስ የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ይዤ ባስረዳ ይሻላል አልኩ። ሰውየው ቺሊያዊው ፕሮፌሰር ሆሴ ሮድሪጌዝ ናቸው። በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ስማቸውን ሳያነሳ ብዙም አይራመድም።

ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ምን ይሠራል?

ኤሌክትሪክን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ይቀይራል። ከሶላር ፓነል የሚወጣው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ለቤታችን ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዲሲ ነው፣ ሞተሩ ግን በአብዛኛው ሦስት ፌዝ ኤሲ ይፈልጋል። በመካከል ያለው ሣጥን ኢንቨርተር ይባላል። በውስጡ እንደ ስዊች የሚያገለግሉ ትራንዚስተሮች በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሥራው ሁሉ ያለው የትኛው ስዊች መቼ እንደሚከፈት በመወሰን ላይ ነው። ያንን ውሳኔ የሚሰጠው ክፍል ኮንትሮል ነው።

ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮልስ?

ጥሩ የገበጣ ተጫዋች ጠጠር ከማንሳቱ በፊት እያንዳንዱን ጉድጓድ በልቡ ይጫወተዋል። ከዚህ ባነሳ የመጨረሻዋ ጠጠር የት ታርፋለች? ከዚያኛው ባነሳስ? ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮልም እንዲሁ ነው። አማራጮቹን ሁሉ በሞዴል ይሞክራል፣ የሚሻለውን ይመርጣል፣ እውነተኛውን ስዊች የሚያንቀሳቅሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የሚቻለው አማራጮቹ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ነው። የተለመደው ባለ ሦስት ፌዝ ኢንቨርተር 6 ስዊቾች አሉት። በእያንዳንዱ ፌዝ ላይኛው ሲዘጋ ታችኛው ይከፈታል። ስለዚህ ሊኖሩ የሚችሉት ሁኔታዎች 8 ብቻ ናቸው። ከ8ቱ ሁለቱ ተመሳሳይ ዜሮ ቮልቴጅ ስለሚሰጡ ለሞተሩ የሚደርሱት የተለያዩ ቮልቴጆች 7 ናቸው።

አሁን በቁጥር እንየው። ለማቅለል አንድ ፌዝ ብቻ እንውሰድ። የጭነቱ (ኢንቨርተሩ የሚመግበው መሣሪያ) ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የከረንትን (የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ) ለውጥ የሚያዘገየው ባሕርይ፣ 10 ሚሊ ሄንሪ ይሁን። ኮንትሮለሩ በየ25 ማይክሮ ሰከንዱ ይወስናል እንበል። በኢንዳክታንሱ ላይ 100 ቮልት ቢያርፍ በአንድ እርምጃ ከረንቱ በ0.25 አምፔር ይጨምራል። ስሌቱ ቮልቴጁን በጊዜው ማባዛትና ለኢንዳክታንሱ ማካፈል ነው። አሁን ያለው ከረንት 4.9 አምፔር ነው፣ የሚፈለገው 5 ነው። አንደኛው አማራጭ 180 ቮልት ቢያሳርፍ 5.35 ይደርሳል። ሁለተኛው 60 ቮልት ቢሆን 5.05። ሦስተኛው 40 ቮልት በተቃራኒው አቅጣጫ ቢጎትት 4.8። ከሦስቱ ለ5 የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። እሱ ይመረጣል። ከ25 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ከረንቱ እንደገና ይለካል፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይሰላል። በሰከንድ 40,000 ጊዜ ማለት ነው።

«ለ5 የሚቀርበው» ያልነውን መለኪያ በሒሳብ ስንጽፈው ኮስት ፈንክሽን ይባላል። እኔን ወደዚህ መስክ የሳበኝ ይህ ነው። ኮስት ፈንክሽኑ ውስጥ የፈለጋችሁትን መጨመር ትችላላችሁ። ስዊቾቹ ቶሎ ቶሎ እንዳይቀያየሩ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ መቀያየር ቅጣት ትጨምራላችሁ። ከረንቱ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ያንንም ትጽፋላችሁ። የምትፈልጉትን በቀጥታ ትናገራላችሁ፣ ማሽኑ ያንን ይፈልጋል።

ያለ እሱስ እንዴት ነበር የሚሠራው?

በፒአይ ኮንትሮለር (ስህተቱን እያየ የሚያርም የተለመደ ኮንትሮል) እና በፒደብልዩኤም (ስዊቹ ተዘግቶ የሚቆይበትን ጊዜ በማርዘምና በማሳጠር ቮልቴጁን የሚፈጥር ዘዴ)። ዛሬም አብዛኛው ኢንቨርተር የሚሠራው በዚሁ ነው፣ ደግሞም በደንብ ይሠራል። ይህን የምለው ወጣቶች «አሮጌው ዘዴ ሞቷል» ብለው ጥናታቸውን ሲጀምሩ ስለማይ ነው። አልሞተም። በደንብ የተስተካከለ ፒአይ ብርቱ ተፎካካሪ ነው። አዲሱን ዘዴ ግድ የለሽ በሆነ መንገድ ከተስተካከለ ፒአይ ጋር አወዳድሮ «አሸነፍኩ» ማለት ምርምር አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ ነው?

አይደለም። በ1970ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በነዳጅ ማጣሪያዎችና በኬሚካል ፋብሪካዎች ተጀመረ። እዚያ ነገሮች ዝግ ያሉ ናቸው። የአንድ ትልቅ ማማ ሙቀት እስኪለወጥ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ስለዚህ የዚያን ጊዜው ኮምፒውተርም ቢሆን ለማስላት ጊዜ ነበረው።

ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ግን ጊዜው ማይክሮ ሰከንድ ሆነ። ጀርመናዊው ዮአኪም ሆልትዝ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር የኤሲ ሞተርን ከረንት በትንበያ ስለመቆጣጠር በ1983 ጽፈዋል። ሐሳቡ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው ፕሮሰሰር ነው። ዲኤስፒና ኤፍፒጂኤ የተባሉት ፈጣን የማስሊያ ቺፖች እየረከሱና እየፈጠኑ ሲሄዱ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ተዘጋጅተው ከጠበቁት መካከል አንዱ በቫልፓራይሶ የነበረው ቡድን ነው።

ሆሴ ሮድሪጌዝ ማን ናቸው?

በ1977 በቺሊ የወደብ ከተማ ቫልፓራይሶ ከሚገኘው የፌዴሪኮ ሳንታ ማሪያ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት እዚያው መሥራት ጀመሩ። ለዶክትሬት ጀርመን ሄደው በ1985 ከኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ማዕረጉን አገኙና ወደ ቫልፓራይሶ ተመለሱ። ከ2001 እስከ 2004 የኤሌክትሮኒክስ ዲፓርትመንቱን መሩ፣ ከ2005 እስከ 2014 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር (የበላይ ኃላፊ) ነበሩ። በ2014 የቺሊን ብሔራዊ የተግባራዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ ሳንቲያጎ የሚገኘውን አንድሬስ ቤሎ ዩኒቨርሲቲን በሬክተርነት መሩ። በኋለኞቹ ዓመታት በሳን ሴባስቲያን ዩኒቨርሲቲ በኢነርጂ ሽግግር ማዕከል ይሠራሉ።

ከተማሪያቸው ከፓትሪሲዮ ኮርቴስ ጋር ስለ ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል በ2012 ያወጡት መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው በር ነው። እኔም ለጀማሪ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ኮዱን ራሳችሁ እስክትጽፉ ድረስ ያደርሳችኋል።

ለምን ከቺሊ? ጀርመን ወይም አሜሪካ አይሻልም ነበር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ መዳብ ነው።

ቺሊ ከዓለም ቀዳሚዋ የመዳብ አምራች ናት። መዳብ ከድንጋይ የሚወጣው ድንጋዩ ሲፈጭ ነው። ድንጋዩን የሚፈጩት ወፍጮዎች ግዙፍ ናቸው። የአንዳንዶቹ ሞተር ከ20 ሜጋ ዋት በላይ ይወስዳል። ይህን የሚያክል ሞተር በቀጥታ ከመስመር ጋር አይገናኝም። በመካከል ኮንቨርተር (እንደ ኢንቨርተር ያለ የኤሌክትሪክ መቀየሪያ) ያስፈልጋል፣ ኮንቨርተሩ ደግሞ መስመሩን በሃርሞኒክስ (ባልተፈለጉ ተጨማሪ ሞገዶች) ሊበክል ይችላል። ማዕድኖቹ ያሉት ከፍታ ላይ፣ በበረሃና በተራራ ነው። አንድ ሰዓት ሥራ ቢቆም ኪሳራው ብዙ ነው።

በሎስ ፔላምብሬስ ማዕድን ደግሞ ከተራራ ወደ ታች ድንጋይ የሚያወርድ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የማጓጓዣ ቀበቶ አለ። ድንጋዩ ሲወርድ ቀበቶውን ይጎትታል። ሞተሮቹ እንደ ጄኔሬተር ሆነው ኃይል ወደ መስመሩ ይመልሳሉ። የሮድሪጌዝ ቡድን ስለ እንዲህ ዓይነት ኮንቨርተሮች ጽፏል። በ1996 እሳቸው የሳባቲካል (ከማስተማር ነፃ የሚሆኑበትን) ጊዜያቸውን ያሳለፉት ቺሊ ውስጥ በሲመንስ የማዕድን ክፍል ነው። በሌላ አገር ካለ ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ይልቅ የአገራቸው ማዕድን የሚያስጨንቀው ችግር ያለበት ቦታ ሄዱ።

ለእኛ ዓይነት አገር መምህራን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ቫልፓራይሶ ከሙኒክም ከዙሪክም ሩቅ ናት። ጥያቄው ግን በደጃፏ ነበር። ከጀርመን ዘዴውን ተምሮ የመጣ ሰው፣ ከደጁ ያገኘውን ጥያቄ ይዞ ተቀመጠ፣ ተማሪ አፈራ፣ በኋላ ጀርመኖቹ ራሳቸው አብረውት ሊሠሩ ይመጡ ጀመር።

ከዶክትሬት እስከ ታዋቂው ሥራ ስንት ዓመት ወሰደ?

ዶክትሬቱ በ1985 ነው። በቮልቴጅ ኢንቨርተር ላይ የከረንት ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮልን ቀለል አድርጎ ያሳየውና ብዙ ሰው የጠቀሰው ጽሑፍ የወጣው በ2007 ነው። በመካከል 22 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም። ለምሳሌ በ2002 ስለ መልቲሌቭል ኢንቨርተሮች (ከሁለት በላይ የቮልቴጅ ደረጃ የሚሰጡ) ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የጻፉት ዳሰሳ በሰፊው የተነበበ ነው። ዋናው ስማቸው ግን የታሰረው በኋለኛው ሥራ ነው።

ሁለት ዓመት ጠብቆ «አልተጠቀስኩም» ብሎ ርዕስ የሚቀይር ወጣት መምህር ሳይ ይህን ቁጥር አነሳለታለሁ።

ሬክተር ሆነው እንዴት ምርምር ሠሩ?

የ2007ቱ ጽሑፍም የ2012ቱ መጽሐፍም የወጡት በሬክተርነት ዘመናቸው ነው። ይህ ብቻቸውን ቢሠሩ የማይሆን ነው። የ2007ቱን ጽሑፍ የጻፉት ሰባት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የዚያው ቤተ ሙከራ ሰዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ከጀርመን ነው። የሮድሪጌዝ ትልቁ ሥራ ጽሑፍ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ቡድኑ ነው እላለሁ። ሳሚር ኩሮን የመሳሰሉ ተማሪዎቻቸው ዛሬ ራሳቸው ስም ያላቸው ተመራማሪዎች ናቸው።

አስተዳደር ውስጥ የገባ ምሁር ከሳይንስ ይወጣል የሚል ፍርሃት በእኛም ዘንድ አለ። ቡድን ከሌለው አዎን፣ ይወጣል።

ዘዴው ችግር የለበትም?

አለበት፣ እውነቱን መናገር ይገባል።

አንደኛው ሞዴሉ ነው። ኢንዳክታንሱ 10 ሚሊ ሄንሪ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ በእውነቱ 6 ከሆነ ትንበያው ይሳሳታል። ሞተር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፣ የሞተሩ ብረት በማግኔት ሲጠግብ ኢንዳክታንሱ ይወርዳል። ሁለተኛው የመቀያየሪያ ድግግሞሹ ቋሚ አለመሆኑ ነው። ፒደብልዩኤም ሃርሞኒክሱን በታወቁ ቦታዎች ይሰበስበዋል። መሠረታዊው ፕሬዲክቲቭ ዘዴ ግን ይበትነዋል፣ ከመስመር ጋር ለሚገናኝ ኢንቨርተር ፊልተር የሚነድፈውን ሰው ያስቸግረዋል። ሦስተኛው የቅጣቶቹ ክብደት ነው። ለቶርክ (ለሞተሩ የማዞር ኃይል) ስንት፣ ለፍለክስ (ለማግኔታዊ መስኩ) ስንት፣ ለመቀያየር ስንት? ለረጅም ጊዜ የተሠራው በሙከራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክብደቱን በራሱ የሚያስተካክልበት ወይም ጭራሽ የሚያስቀርበት መንገድ ብዙ ተጽፎበታል።

አራተኛው ስለ ዘዴው ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ተመራማሪዎቹ ነው። ኮስት ፈንክሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሮ በሲሙሌሽን ብቻ አሳይቶ ማሳተም ቀላል ሆኗል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዝቷል። መስኩን የሚያደክመው እሱ ነው።

አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት ማየት ይበቃል?

ለብዙ ነገር ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ፕሮሰሰሩ አስልቶ እስኪጨርስ ጊዜው ስለሚያልፍ በተግባር ሁለት እርምጃ አርቆ መተንበይ ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሰው ሲሙሌሽኑ ያማረለትን ነገር ቦርዱ ላይ ሲጭን ከረንቱ ሲዋዥቅ ያያል።

ከዚያ በላይ ሲሆን የቁጥሩ ነገር ያስደነግጣል። 7 አማራጭ በ5 እርምጃ 16,807 መንገድ ይሆናል። ባለ ሦስት ሌቭል ኢንቨርተር 27 ሁኔታዎች አሉት። 5 እርምጃ ሲታይ ከ14 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ሁሉ በ25 ማይክሮ ሰከንድ ማስላት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ቶቢያስ ጋየርና ዳንኤል ኬቬዶ በ2014 መፍትሔ ከሌላ መስክ አመጡ። በቴሌኮም የታወቀውን ስፌር ዲኮዲንግ የተባለ ስልት ተጠቅመው፣ ገና ሳይሰሉ ብዙዎቹ መንገዶች እንዲጣሉ አደረጉ። 10 እርምጃ ድረስ ማየት የሚቻል ሆነ። ረጅም እይታ ትርጉም የሚኖረው በተለይ ስዊች ቀስ ብሎ በሚቀያየርባቸው ትላልቅ መሣሪያዎች ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ይሻላል ወይስ ኩባንያ?

ጋየር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ2005 ከኢቲኤች ዙሪክ ዶክትሬት አገኙ፣ በኩባንያ ምርምር ክፍል ሠሩ፣ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ቆዩ፣ ከዚያ ኤቢቢ የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኩባንያ ገቡ። ኤቢቢ በፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል የሚሠራ የመካከለኛ ቮልቴጅ ድራይቭ (የሞተር መንጃ) ለገበያ አቅርቧል። ሐሳብ ከወረቀት ወደ ፋብሪካ የሚሻገረው እንዲህ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

ምርጫው የጠባይ ጉዳይ ነው። ማስተማር የሚያስደስታችሁ፣ ጥያቄውን ራሳችሁ መምረጥ የምትፈልጉ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ። የሠራችሁት ነገር ሲሸጥና ሲሠራ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ኩባንያ። ደመወዙ በአብዛኛው ኩባንያ ይሻላል።

የአንድ የአካዳሚ መሐንዲስ ቀን በምን ያልፋል?

ከምታስቡት ያነሰ በሒሳብ፣ ከምታስቡት የበለጠ በስብሰባና በኢሜይል። ክፍል ማስተማር፣ የተማሪ ውጤት ማየት፣ የገንዘብ ማመልከቻ መጻፍ፣ የሌሎችን ጽሑፍ መገምገም። ግምገማው ክፍያ የለውም፣ ነገር ግን መስኩ የሚቆመው በሱ ነው።

ቀሪው ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልፋል። ስዊች ይቃጠላል። የጌት ድራይቨር (ስዊቹን የሚያዝ) ቦርድ ኖይዝ ያስቸግራል። ሴንሰሩ ኦፍሴት አለው (ከዜሮ ይዛነፋል)። ብዙ ተማሪ ሦስት ወር ያስፈልጋል ያለው ሃርድዌር አንድ ዓመት ይወስድበታል። ይህን ሥራ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። በአይ ትሪፕል ኢ (የዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) ታላላቅ ጆርናሎች ገምጋሚው የሚጠይቃችሁ ኦሲሎስኮፕ ላይ የታየ ውጤት ነው።

ኮንፈረንስም አለ። በ2011 ሙኒክ ላይ ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮልን ብቻ የሚመለከት ሲምፖዚየም ተጀመረ። ፕሪሲድ ይባላል። በ2015 የተካሄደው ቫልፓራይሶ ነው።

ሒሳብ ምን ያህል ያስፈልጋል?

ለመግባት የማትሪክስ ሒሳብ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ የክላርክና የፓርክ ትራንስፎርሜሽን (የሦስት ፌዝ ስሌትን ወደ ሁለት የሚያሳጥሩ) ይበቃል። ለረጅም እርምጃው ኦፕቲማይዜሽን ይጨመራል። የስታቢሊቲ (ሥርዓቱ ከቁጥጥር ውጭ አለመውጣቱን) ማረጋገጫ ላይ መሥራት የሚፈልግ ግን ጠለቅ ማለት አለበት፤ እዚያ ብዙ ያልተዘጋ ጥያቄ አለ።

ይህ ሙያ ለኢትዮጵያ ይጠቅማል?

ፓወር ኤሌክትሮኒክሱ ቀድሞ ገብቷል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት የዲሲ መስመር 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው። በሁለቱም ጫፍ ያለው ትልቅ የኮንቨርተር ጣቢያ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ይሄዳል። የአዳማ የንፋስ ተርባይኖችም ኮንቨርተር አላቸው። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንደሩ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል አለ ማለቴ አይደለም። ግን እነዚህን የሚጠግን፣ የሚፈትሽ፣ ሲገዛም የሚገዛውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ኮንትሮሉን ከውስጥ የተማረ ሰው እሱን ይሆናል። የቺሊው ቡድን ከማዕድን እንደጀመረው የእኛ ተመራማሪ ከጋራዥ የተቀመጠ የመኪና ኢንቨርተር ወይም ቮልቴጅ ከሚዋዥቅበት መስመር ቢጀምር፣ ከሌላ አገር ጽሑፍ ከተቀዳ ርዕስ ይልቅ ሩቅ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

ውድ መሣሪያ ከሌለኝ እንዴት ልጀምር?

በኮምፒውተር ጀምሩ። ማትላብና ሲሙሊንክ ካላችሁ መልካም፣ ከሌላችሁ ፓይተን ይበቃል። ባለ ሦስት ፌዝ ኢንቨርተር፣ ሬዚስታንስና ኢንዳክታንስ ያለው ጭነት፣ 25 ማይክሮ ሰከንድ። 7ቱን ቮልቴጆች በሉፕ ሞክሩ፣ ስህተቱ የሚያንሰውን ምረጡ። ዋናው ኮድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ብሎኮችን ከሌላ ሰው ፋይል አትቅዱ፣ ራሳችሁ ጻፉት።

ሲሠራላችሁ አበላሹት። በሞዴሉ ውስጥ ያለውን ኢንዳክታንስ በግማሽ ቀንሱ፣ ጭነቱን ግን አትንኩ። ቀጥሎ ውሳኔውን በአንድ እርምጃ አዘግዩት። ቀጥሎ የመቀያየር ቅጣቱን ከዜሮ ጀምራችሁ አሳድጉ። በእያንዳንዱ ጊዜ የከረንቱ ቅርጽ ምን እንደሆነና ስዊቹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ መዝግቡ። ከዚያ ርካሽ የማይክሮ ኮንትሮለር ቦርድ ገዝታችሁ በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ 24 ቮልት ይበቃል፣ በትንሽ ጭነት ሞክሩት። ከፍ ባለ ቮልቴጅ ብቻችሁን አትሥሩ። ኢንቨርተሩ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በሜትር ለኩት።